በር የምትከፍተው ተዋናይት

አቶ ጥላዬ ስልሳን የተሻገረ ባለሀብት ነው። የፍቅር ኮሜዲ ፊልም በገንዘቡ ያሠራል፤ አፍቃሪውን ጎረምሳ ሆኖ የሚተውነውም ራሱ ነው፤ ማን ይከለክለዋል? የሚያብድላት ልጅ ሁሌም ቀይና ቀጭን ናት። አንዲት ጥቁር፣ ሞላ ያለች ተዋናይት ደግሞ በፊልሞቹ ሁሉ የቤት ሠራተኛ ናት። ሥራዋ በር ከፍታ አፍቃሪውን ማስገባት ነው።

አንድ ቀን ለአዲስ ፊልም ተዋንያን ሲመረጡ ይህች ሴት ተነሳችና፣ "ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳ የምትፈቀረዋን ሴት እኔ ልተውን" አለችው።

አቶ ጥላዬ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጸጉሩን እየዳበሰ ከት ብሎ ሳቀ።

"ወንድ ላንቺ አበደ ብል የትኛው ተመልካች ያምነኛል? እስቲ እንዴት እንደሚያምን አስረጂኝ። ካስረዳሽኝ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቃሌ ነው፣ ቦታው ያንቺ ነው።"

ሴትዮዋ አላመነታችም።

"ጋሼ፣ በየፊልሙ በር ከፍቼ እርስዎን ሳይ፣ 'እትዬ፣ አንድ መልከ መልካም ጎረምሳ መጥቷል' የምለው እኔ አይደለሁ? ያንን ያመነኝ ሕዝብ፣ ቆንጆ ነኝ ብዬ እውነቱን ስነግረው እንዴት እምቢ ይለኛል?"