የእመት አህያ ደቦ

አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ፣ ከመንደር ጫፍ፣ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ጎረቤቶቿ እመት አህያ ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ የአንዱን እህል ወፍጮ፣ የሌላውን ውኃ ደጁ ስታደርስ የኖረች፣ እምቢ ማለት የማታውቅ ነበረች። በዚያ ክረምት ታዲያ ደራሽ ጎርፍ መጥቶ የግቢዋን አጥር ጠርጎ ወሰደው። ውርንጭላዋን ከውኃው ስታወጣም የፊት እግሯን ክፉኛ ወለም አላት።

አጥር የሌለው ግቢ ለሌላው ነውር ነው፤ ለአህያ ግን ሞት ነው። ከግቢዋ በላይ ባለው ጉብታ፣ ዋሻ ውስጥ አያ ጅቦ ይኖራላ! ውርንጭላው ደግሞ ገና እግሩ ያልጠና፣ ከእናቱ ጥላ የማይርቅ ለጋ ነው። እመት አህያ በሦስት እግሯ እያነከሰች አንዲቱን የግራር ቅርንጫፍ ከጫካ ስትጎትት ረፋድ ይሆናል፤ ሁለተኛዋን ስታመጣ ደግሞ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። ወደ ጉብታው ቀና ባለች ቁጥር ውርንጭላዋን «ጠጋ በል» ትለዋለች።

እትዬ ፍየል በዚያ ስታልፍ አየቻት።

«ውይ እመት አህያ! ምነው ብቻሽን? ደቦ አትጠሪም?»

እመት አህያ አንገቷን ደፋች። «በምን አፌ ልጥራ እህቴ? ደቦ የጠራ ያበላል። የኔ ማጀት አይጥ እንኳ ተስፋ ቆርጣበታለች። ሠራተኛ ሰብስቤ ጦሙን ልስደድ?»

«አልዋረድም ብለሽ ልጅሽን ለጅብ ልታስበዪ ነው?»

ይህ ቃል እመት አህያን ልቧ ላይ ወጋት። ቢሆንም ቅርንጫፏን መጎተቷን ቀጠለች፤ ይሉኝታ እንዲህ ነው፣ ከጅብም ያስፈራል።

ፍየል ጢሟን ነቀነቀች። «በይ ስሚኝ። ነገ ጠዋት ትልቁን ድስትሽን ጣጂ። ውኃ ብቻ አድርጊበት። ሌላውን ለኔ ተይው።»

በማግስቱ እመት አህያ ግራ እየገባት ውኃዋን ጣደች። ገና እንፋሎቱ ሳይነሳ ጋሽ በሬ ከተፍ አለ። ሰላምታ ሰጥቶ በድስቱ በኩል ሲያልፍ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ዘወር ብሎ፣ ባቄላ ጨመረበት። ዶሮ መጣች፤ ከመንቁሯ ሽምብራ ዱብ አደረገች። ፍየል ስንዴ ይዛ መጣች። ቀበሮም ቀረ አይባልም፤ አምና ታሞ በተኛ ጊዜ በጀርባዋ አዝላ ጸበል ያደረሰችው እመት አህያ ናትና አተሩን ቋጥሮ መጣ። ዶሮ ቀበሮን ባየች ጊዜ፣ «እኔ በወዲያኛው ጥግ ልሥራ» አለች። ማንም አልተቃወማትም።

ማንም ስለ ድስቱ አንዳች አልተነፈሰም። ጥቂት ቆይቶ ግን ከእመት አህያ ድስት፣ በእመት አህያ ምድጃ ላይ፣ የንፍሮ ሽታ ግቢውን ሞላው። እመት አህያ ማማሰያውን ይዛ ፊቷን ወደ ጢሱ አዞረች፤ ዓይኗ እንባ ያዘለው በጢሱ እንዲመስልላት ብላ ነው።

ሥራው ተጋጋለ። በሬ ችካል ይተክላል፣ ፍየል እሾህ ታቀብላለች፣ ዘፈኑም ደመቀ። ዘፈኑን ግን ጎረቤት ብቻ አልሰማውም። አያ ጅቦ ከጉብታው እያነከሰ ወረደ።

«ደህና ዋላችሁ ቤቶች! ደቦ አለ ሲሉኝ ጊዜ፣ ጎረቤት አይደለሁም እንዴ ብዬ መጣሁ። መቼም ለደቦ የመጣ አይመለስም።»

እመት አህያ በድንጋጤ ክው አለች፤ ውርንጭላዋን በጎኗ ከለለችው። ፍየል በሬን ጠጋ ብላ፣ «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ስትል አንሾካሾከች። እውነት ነው፤ ግን እንግዳውን ቢመልሱት ነውር፣ ቢያስገቡት ጥፋት ሆነባቸው።

ቀበሮ ግን ፊቱ ሁሉ ፈገግታ ሆነ። «አያ ጅቦ! እንኳን መጣህ! የውጪውን ወገን የሚሠራልን ጉልበተኛ አጥተን ስንጨነቅ ነበር።»

አያ ጅቦ በሆዱ፣ «ግሩም ነው፤ አንድ ቦታ ላይ አጥሩን አሳሳውና ሲመሽ በዚያው እገባለሁ» አለ። ይህን እንኳ ማሰቡ ለጅብ ትልቅ ነገር ነው።

«ታዲያ አንድ ነገር ልንገርህ» አለ ቀበሮ ቀጥሎ። «በዚህ ደቦ ምሳ የሚሰፈረው በእሾሁ ውፍረት ነው። አወፍሮ ላጠረ ሙሉ ገበታ፣ ላሳሳ አንድ ጭልፋ።»

ሙሉ ገበታ ሲባል አያ ጅቦ ያሰበውን ሁሉ ረሳው። የግራሩን ግንድ በመንጋጋው እየነቀለ፣ እየጎተተ፣ እየደራረበ ያጥር ጀመር። «ይሄ ይበቃል?» ይላል፤ ቀበሮም «ለጭልፋ ይበቃል» ይለዋል፤ ሌላ ያመጣል። በመጨረሻ በሩ ብቻ ቀረ።

«በር የሚዘጋስ ስንት ይሰፈርለታል?» አለ አያ ጅቦ እያለከለከ።

«እጥፍ!»

ከጫካው ትልቁን የግራር ቅርንጫፍ ጎትቶ መጣና በሩ ላይ ወሸቀው። በሬ ከውስጥ በቀንዱ ስቦ አጠበቀው። ያኔ አያ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ፣ «በሉ ምሳዬን! በየት ልግባ?» አለ።

«ያን ሁሉ እሾህ ያጠረውን ጠይቀው» አለ ቀበሮ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አያ ጅቦ አጥሩን በአፍንጫው ሞከረና ዋይ ብሎ ወደ ኋላ አለ። ሁሉም ሲስቅ እመት አህያ ግን አልሳቀችም። ትልቁን ገበታ አንስታ ንፍሮ እስኪፈስ ሞላችው።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አለ ቀበሮ።

«በደቦዬ የሠራ ሳይበላ አይሄድም» አለችና፣ ጋሽ በሬ በቀንዱ ከአጥሩ በላይ እንዲያሳልፈው ሰጠችው።

አያ ጅቦ ገበታውን አሽትቶ፣ «ባቄላ!» አለ ሊያለቅስ ምንም ያህል ሳይቀረው። ግን ጅብ ምን ይተዋል? አንዲት ፍሬ ሳያስቀር በላና፣ እያጉረመረመ ወደ ጉብታው ወጣ። በዚህኛው ጉዞ የምር እያነከሰ ነበር፤ እግሩ ውስጥ እሾህ ገብቶበታል።

ውርንጭላው የሚሆነውን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ ከእናቱ ጎን ወጣ። ጎርፉ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን መሐል ግቢ ድረስ ሄደና አቧራው ላይ ተንከባለለ።

እመት አህያ እርሱን አየች፣ አጥሩን አየች፣ ንፍሮ የሚቆረጥሙትን ጎረቤቶቿን አየች። ከዚያም አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«እኛን ነው?» አለች እትዬ ፍየል። «አንቺ ስንት ዘመን ስትሸከሚን እግዜር ይስጥልኝ ብለንሽ እናውቃለን? ዛሬ ገና በሥራ አልንሽ እንጂ!»

ከዚህ የምንማረው በደህናው ቀን ለጎረቤቱ ያጎነበሰ በክፉ ቀን ብቻውን እንደማይቀርና፣ ማጀቴ ባዶ ነው ብሎ በይሉኝታ ከመጥፋት ወዳጅን ጠርቶ ማመስገን እንደሚሻል ነው።