የባላምባራስ ጎበዜ አምስት ድስት

ይህ ተረት ከወጥ ቤት ስለማይወጣ፣ ሴት ያመጣችው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የለም፤ መዘዙ የወንድ ነው፣ ያውም የባላምባራስ ጎበዜ።

ልጃቸውን ዘርትሁንን የጠየቁ ሽማግሌዎች ለመጨረሻው ቃል እሑድ ሊመጡ ቀጠሩ። በዚያ አገር ሽማግሌ ቤት የሚመዝነው በወጡ ነው። ወጡ ከቀላ ልጅቷ ባለሙያ ናት፤ ከነጣ ግን ሽማግሌው ሳይመርቅ ይነሣል። ባላምባራስ ልጄ ትቀርብኛለች ብለው ስለፈሩ ድግሱን ከሚስታቸው ነጥቀው ራሳቸው ያዙት። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እጅ እንደሚያስታጥብ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ሁሉን ወሰኑ።

«እንግዳው ስንት ነው?» አሉ ሚስታቸው ወይዘሮ አትጠገብ፣ ገና ሐሙስ ሳለ። «በርበሬው ሊሰጣ፣ ሊቀነጠስ ነው። መጥነን እንደቁስ እንጂ!»

«ሴትዮ፣ ጭስ ያልወጣበት ቤት ሥራ ጀመረ አይባልም! መጀመሪያ ድስት ይጣድ፤ ሌላው ይከተላል።»

«ኧረ በርበሬ በራሱ ተከትሎ አያውቅም፣ ጌታዬ!»

«ያዘዝኩት ይፈጸም!»

እሑድ ጠዋት አምስት ድስት ተጣደ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ባላምባራስ ከምድጃ ምድጃ እየተንጎራደዱ «አያችሁ?» ይላሉ። በርበሬ ሲፈለግ ግን ቅሉ ውስጥ የተገኘው ለአንድ ድስት ብቻ የሚበቃ ሆነ።

«ለአምስቱ እኩል ይከፈል!» ብለው ፈረዱ።

ተከፈለ። አምስቱም ወጥ ወባ የያዘው ሰው ፊት መሰለ።

ቢጨንቃቸው ገና ያልደረቀ ዛላ ሙቀጫ ውስጥ አስጨምረው ዘነዘናውን ራሳቸው አነሡ። በሦስተኛው ምት ጭማቂው ዓይናቸው ገባ። የቀረው ሲታመስ ቤቱ በሙሉ ያነጥስ ጀመር። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ደርሰው «ምን በሽታ ገባ?» እያሉ ተያዩ።

የሽማግሌዎቹ አውራ አለቃ ተድላ ወደ ወጥ ቤቱ ብቅ ቢሉ፣ ባላምባራስ ድስት አጠገብ ቁጢጥ ብለው እንባቸው ይወርዳል።

«ምነው ባላምባራስ፣ ሰው ሞተ?»

«በርበሬው ነው!» አሉ። በርበሬውስ ነበር፤ ግን ልጄን አዋረድኳት ብለውም ከልባቸው እያለቀሱ ነበር።

ወይዘሮ አትጠገብ ነገሩን ከሐሙስ ጀምረው አንድ በአንድ ተናገሩ። አለቃ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ልጅቷንስ እንዲህ ያለች እናት አሳድጋታለችና እንወስዳታለን» አሉ ጭራቸውን እየነሰነሱ። «ለእርስዎ ግን ባላምባራስ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!»