ጅማት የሌለው ክራር

አንድ ክራር መቺ ነበረ። ቆይ አስካለ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ስለ ገላና ስለ ፍቅር የተገጠሙ ግጥሞችንና ዘፈኖችን ክፍል ውስጥ ስላስተማርሽ ወላጆች «ልጆቻችንን አባለገች» ብለው ከሰሱሽ፤ «ልተወው ወይ፣ ጋሽ ቢያድግልኝ?» አልሽኝ። አርባ ዓመት ያስተማረ ሽማግሌ በአንድ ቃል አይመልስም፤ ቁጭ በይና ስሚ።

ይህ ክራር መቺ ሠርግ በተጠራ ቁጥር የሴቷን አንገትና ወገብ፣ የወንዱን ደረት እያነሣ ያዜማል። ሽማግሌው ይስቃል፣ ኮረዳዋ ታቀረቅራለች፣ ግን ሁሉም ይማርበታል። ኋላ ሴት ልጅ ተወለደችለት። ያን ጊዜ ፍርሃት ገባው። በሰው ልጅ ገላ ስዘፍን ኖሬ ነገ በልጄ ሊዘፈን ነው ብሎ የክራሩን ጅማቶች በጣጠሰና ባዶውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ስለ ገላ ዘፈን ቀርቶ ጨዋታም ተከለከለ። ሚስቱም እሺ አለች። በዚያ ቤት ከአንገት በታች፣ ከጉልበት በላይ ስም ያለው ነገር ጠፋ እልሻለሁ! እሱ ግን በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እያለ ይኮራ ነበር።

ልጅቷ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ልብሷ ላይ ደም አየች። እግዚአብሔር የቀጣት መሰላት። ለእናቷ እንዳትነግር፣ ነገሩን በምን ስም ትጥራው? ወንዝ ወርዳ ልብሷን አጠበች፤ ይቅር እንዲላት ብላ እህል ቀነሰች። በሚቀጥለው ወር ደሙ ሲመለስ መሞቷ ነው ብላ ቆረጠች። መደብ ላይ ተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ጭራሽ መብላት ተወች። አባት ጠበል አስመጣ፣ ስለት ተሳለ፣ ምንም አልጠቀመም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሷ እኮ በሽታም አልነበረም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አባት በተቀመጠበት ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ያ ጅማት የሌለው ክራር ከተሰቀለበት ሆኖ ይመታል። ቤቱ ውኃ ላይ የተቀመጠ ይመስል ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ከክራሩ ሥር የሞተች እናቱ የእኅቶቹን ፀጉር ትሠራለች፤ እየሠራች በልጅነቱ ይሰማው የነበረውን ታዜማለች፦

ወር ቆጥሮ ሲመጣ የሴት ልጅ እንግዳ፣
ቀና በይ ልጄ ሆይ፣ የለብሽም ዕዳ።

ሲነቃም ዜማው ከጆሮው አልወጣም። የልጁን ዕድሜ አሰበና ነገሩ ገባው። ክራሩን አወረደ፤ አዲስ ጅማት ወጠረለት። ግጥሙን ለሚስቱ ነግሮ ከልጅቷ ራስጌ አስቀመጣት፤ እሱ ከደጅ በሩ ሥር ሆኖ መታ፣ እናት ዘፈነች። ሁለተኛው ዙር ላይ ልጅቷ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

«እማዬ፣ አንቺም እንዲህ ሆነሽ ታውቂያለሽ?»

«በየወሩ፣ ልጄ። እናቴም፣ አያቴም።»

ልጅቷ አለቀሰች፣ አለቀሰችና ራበኝ አለች። ደጅ ያለው አባት ክራሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ «ጅማቱን የበጠስኩት እኔ፣ የታመመችው እሷ» እያለ ተንሰቀሰቀ።

እንግዲህ አስካለ፣ ያ ክራር የአንቺ ክፍል ነው። የከሰሱሽ ወላጆች ክፉዎች አይደሉም፤ እንደዚያ አባት ልጃቸውን ወደው የፈሩ ናቸው። ጥሪያቸውና ዘፈኑን ራሳቸው ይስሙት፤ ግማሾቹ እኮ ከአንቺ አብልጠው ያውቁታል። ወንዶቹንም ከክፍል እንዳታስወጪ፤ በሩ ሥር ሆኖ የሚመታ ሰውም ያስፈልጋል። አንቺ ደግሞ ለከሳሽ መልስ ስታዘጋጂ አትዋዪ። ነገ ስትገቢ ከኋላ ወንበር ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች ልጅ ካየሽ፣ ለሷ ብለሽ ጀምሪ።