ሳይሰማ የታጠበው ሉህ

ረውዳን የበደለቻት ሸምሲያ ናት፤ የሸማኔው ሚስት ሸምሲያ። ስሟን በማልጠራት አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ በጨው ተራ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ያቺ የልጅ ልጅሽ መድረሳ ከረገጠች ቆየች፤ ወንዝ ዳር ነው የምትውለው» አለቻት።

ረውዳም አላስተረፈቻትም። «የኔ ልጅ የምትውልበትን ከምትቆጥሪ የባልሽን የፈትል ድውር ቁጠሪ» ብላት ሄደች።

ረውዳ ፊደል አትለይም። አፏ ግን ቃዲ ፊት ተሟግቶ የሚረታ ነው። ልጅቱን ሰዓዳን እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። መድረሳ መዋሏንም በዓይኗ አይታለች፤ ወይም ያየች መስሏታል። በዚያ አገር ደረሳ የሚባለው የመድረሳ ተማሪ ሉሁ ላይ፣ በእንጨት ሰሌዳው ላይ፣ የተጻፈውን የቁርኣን ሱራ በቃሉ ይዞ ሼሁን ሳያሰማ አያጥበውም። ካሰማ በኋላ ያጥባል፤ የታጠበበትም ውሃ በረካ ነው ተብሎ ይጠጣል። ሰዓዳ ደግሞ ሉሁን እያጠበች የጠቆረውን ውሃ በቅል ይዛ ትመጣለች። ረውዳ ቢስሚላህ ብላ ትጨልጠዋለች። ከዚያ ከንፈሯን ሳትጠርግ ጎረቤት ትወጣና፣ «የኔዋ ለመውሊድ ቁርኣኑን ጨርሳ ታኸትማለች» እያለች ታወራለች።

እናም ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ሸምሲያን አስጠርታ፣ ሰዓዳን ከነሉሁ እየጎተተች መስጊዱ ግቢ ገባች። ሼህ ሐምዛ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። መድረሳውን ያቆሙት፣ ከተማው በእውነተኛነታቸው የሚምልባቸው አዛውንት ናቸው።

«ሼሆች፣ ይህች ሴት ቡህታን ተናገረችብኝ፣ በሐሰት ስሜን አጠፋች» አለች ረውዳ። «ልጄ መቅራቷን እርስዎ ያውቃሉ። ይመስክሩልኝና አፏን ትያዝ። ካልሆነም ሉሁ ይመስክር» ብላ ሉሁን አቀበለቻቸው።

ሼሁ ሉሁን አዩት። ዓምና ራሳቸው የጻፉላት ያው ሱራ ነው። ልጅቱን አዩ፤ አቀርቅራ በአውራ ጣቷ አፈር ትጭራለች። ቢዋሹ የጌታቸውን ፊት ምን ይዘው ያዩታል? እውነቱን ቢያፈርጡትም አንዲት ልጅና አንዲት አሮጊት በአደባባይ ሊራቆቱ ነው። ተስቢሃቸውን ጥቂት ቆጠሩና፣

«ሸምሲያ አልዋሸችም» አሉ። «የቀረሁት ግን እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ይህች ልጅ ስታሰማኝ ምላሷ ተያዘባትና ልጆቹ ሳቁባት። እኔም ነገ ትመጣለች ብዬ ተቀመጥኩ። በግ ቢጠፋኝ በዚያው ቀን ተነስቼ እፈልግ ነበር። ደረሳዬ ስትጠፋ ግን ደጇን እንኳ አላንኳኳሁም። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ረውዳ ወደ ልጅቱ ዞረች። «ታዲያ ስጠጣው የከረምኩት ውሃ ምንድን ነው?»

«ያው አንዱ ሱራ ነው፣ እማ» አለች ሰዓዳ፤ ድምፅዋ አይሰማም። «ሌላ አላውቅም። አጥበውና መልሼ እሱኑ እጽፈዋለሁ።»

«ምነው ብትነግሪኝ?»

«ለመውሊድ ታኸትማለች ብለሽ ለሰው ሁሉ ነግረሽ ነበራ።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ረውዳ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ሳበችው፤ ሸምሲያን ቀና ብላ ማየት ዳገት ሆነባት።

ሼሁ ሉሁን ለልጅቱ መለሱላት። «እሱኑ ስትመላልሺ እጅሽ አምሯል፤ ከደረሶቼ እንዲህ የሚጽፍ የለም። ነገ ከሱብሒ በኋላ ሌሎቹ ሳይመጡ ነይ። ለብቻሽ ታሰሚኛለሽ፤ የሱራው አንዲት አያም ትሁን። ከዚያ ለትንንሾቹ ሉህ ትጽፊላቸዋለሽ። ካልመጣሽ እኔ እመጣለሁ።»

ረውዳንም እንዲህ አሏት፦ «የቀረ ልጅ ፈላጊ ካለው አልጠፋም።»

እንግዲህ እዩት ወገኖቼ። ሼሁ አልዋሹም፤ የልጅቱን ነውርም ብቻዋን አላሸከሟትም፣ ገሚሱን በገዛ ትከሻቸው አደረጉት። እኛ ልጅ ሲቀርብን ዱላ እናነሳለን፣ አለዚያም ለስማችን እናለቅሳለን። ረውዳ ለዲኗ የተጋች ይመስላት ነበር፤ ስትመግብ የኖረችው ስሟን ነው። ሰዓዳ ኋላ አኸተመች፤ አያቷ በፎከረችበት መውሊድ ሳይሆን ዘግይታ። ወንዝ ዳር የሚውሉ ሌሎች ልጆችንም እየሄደች የምታመጣ እሷ ሆነች። እሱ ግን የኋላ ነገር ነው።

በማግስቱ ረውዳ ሱብሒን ሰገደችና የሸምሲያን በር አንኳኳች። አውፍ በይኝ ልትል ነበር፤ ያ አፍ ግን ይቅርታ መጠየቅ አልለመደም። «ልጅቱን አድርሰን እንምጣ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። ሸምሲያ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ጨው ሻጮቹ ጆንያቸውን ሲፈቱ፣ ሰዓዳን መሃል አድርገው በጨው ተራ አለፉ። ሉሁን የያዘችው ረውዳ ናት፤ ያው ገና ያልተሰማው ሱራ ለሰው ሁሉ እንዲታይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋ።