የአንጓች ሦስት በለሶች

በድሮ ዘመን፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና በጀርባ ሲታዘሉ፣ ቢሻው የሚባል ሰው ነበረ። ቢሻው ትጉ ነው፤ ቢሻው ደግ ነው፤ ግን ቢሻው የራሱን ምላስ አያምንም። ወጡ ጨው አንሶት እንደሆን እንኳ ጎረቤት ጠርቶ ነው የሚጠይቀው። አትሳቁ፣ ልጆች። ይህ የሚያስቅ ተረት አይደለም።

ሚስቱ አንጓች ትባላለች። ስትዳር ከአባቷ ጓሮ ሦስት የበለስ ቅርንጫፎች ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ የሁለት ቀን መንገድ በብብቷ ይዛቸው መጣች። አንዱ የነጭ በለስ ነው፣ አንዱ የቀይ በለስ ነው፣ አንዱ የጥቁር በለስ ነው። ነጩን ከጓሮ፣ ቀዩን ከአጥሩ ሥር፣ ጥቁሩን ከመኝታዋ መስኮት ትይዩ ተከለቻቸው። የዕቃ እጣቢ አጠጣቻቸው፤ አመድ አለበሰቻቸው፤ ከፍየል ጠበቀቻቸው። ልጅ አልወለደችምና "ልጆቼ" ትላቸው ነበር።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበረ። የበኩሩን ፍሬ የሚቀምሰው ባለቤቱ አይደለም፤ የመንደሩ ቀማሽ ነው። ቀማሹ ቀምሶ "ይባረክ" ሳይል ከቤቱ ሰው አንዱ ፍሬውን ወደ አፉ ቢያደርስ፣ ያ ቤት ይፈርሳል ይባላል። ያኔ ቀማሹ አጋፋሪ ዘለለው ነበር። አጋፋሪ ዘለለው አፉ ማር ነው፤ ሆዱ ጉድጓድ ነው፤ ኀፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የተባለው ለእሱ ብቻ ይመስለዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ነጩ በለስ አፈራ። አንጓች በእንቅብ ሙሉ ለቀመችና አጋፋሪ ተጠራ። አንዱን በላ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛውን በላ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሦስተኛውን በላና እንትፍ አለ።

"ምነው አጋፋሪ?" አለ ቢሻው።

"ይጎመዝዛል፣ ልጄ። ለከብትም አይሆን። አንተ አትድከም፣ እኔው ገደል ልክተትልህ።"

እንቅቡን ተሸክሞ ሄደ። የትኛው ገደል እንደከተተው መቼም አታጡትም፤ ጥርስ ያለው ገደል ነው። ቢሻው ግን መጥረቢያውን አነሳና ነጩን በለስ ቆረጠው።

"በአባቴ ቤት እኮ ጣፋጭ ነበር" አለች አንጓች።

"አፈሩ ለውጦት ይሆናላ" አለ ቢሻው።

በሁለተኛው ዓመት ቀዩ በለስ አፈራ። አጋፋሪ መጣ። አንዱን በላ፤ ሁለተኛውን በላ፤ ሦስተኛውን በላና ሆዱን ያዘ። "ያቅለሸልሻል፣ ልጄ። እኔው ገደል ልክተትልህ" አለ። እንቅቡ ሄደ፤ መጥረቢያው ወረደ፤ ቀዩም በለስ ተቆረጠ። አንጓች ጉቶውን አፈር አልብሳ ገባች።

በሦስተኛው ዓመት ጥቁሩ በለስ አፈራ። አንጓች ግን አልጋ ላይ ነበረች። ንዳድ ይዟት ሰውነቷ አልቋል። ከተኛችበት ሆና በመስኮቱ በኩል ፍሬው ሲጠቁር፣ ሲለሰልስ፣ ቆዳው ሲሰነጠቅ ታያለች።

"ቢሻው፣ አፌ መሮኛል። ከጥቁሩ አንዲት ስጠኝ" አለችው።

ቢሻው እየሮጠ አጋፋሪን ጠራ። አጋፋሪ አንዱን በላ፤ ሁለተኛውን በላ፤ ሦስተኛውን በላ። ከነጩም ከቀዩም የሚበልጥ ነበር። ቀና ብሎ የዛፉን ጭነት አየና ልቡ ተሰወረ። እጁን ሰደደና ገና ያልበሰለ፣ አረንጓዴ ፍሬ ሰብሮ ለቢሻው አሳየው። ከስብራቱ ነጭ ወተት ይንጠባጠባል።

"እየው፣ ልጄ። እንደ ቁልቋል ወተት ነው። ጤነኛውን ያሳውራል፤ በሽተኛውንማ አታንሳው።"

ወዮ ልጆች! በዚያ አገር የቁልቋልን ወተት የማይፈራ የለም። የቢሻው በሬ የታወረው በእሱ ነው።

"እሱ የሰበረው እኮ ያልበሰለውን ነው" አለች አንጓች ከአልጋዋ። "ሲበስል ወተቱ ይጠፋል። ልጅ ሆኜ በልቼዋለሁ፤ አውቀዋለሁ።"

"አጋፋሪ ያውቃሉ" አላት።

በመጀመሪያው ቀን "አንዲት ስጠኝ" አለችው፤ ከለከላት። በሁለተኛው ቀን "ግማሿን ስጠኝ" አለችው፤ ከለከላት። በሦስተኛው ቀን "እሺ፣ ከንፈሬን ብቻ አስነካኝ" አለችው። ቢሻው ይወዳት ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ስለሚወዳት ተነሣና፣ ፍሬውን እያየች እንዳትጎመጅ ብሎ መስኮቱን ዘጋው። አንጓች በማግስቱ ፊቷን ወደ ተዘጋው መስኮት እንዳዞረች ሞተች።

የቀረውን ፍሬ አጋፋሪ እዚያው የምታውቁት ገደል ከተተው። ቢሻው ከቀብር ሲመለስ ጥቁሩንም በለስ ከሥሩ ቆረጠው። ግቢው ባዶ ሆነ፤ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ እሱም በባዶው መሀል ተቀመጠ።

በለስ ግን መጥረቢያ አይገድለውም። ክረምት ሲገባ ነጩ ጉቶ አቆጠቆጠ። ቀዩ ጉቶ አቆጠቆጠ። ጥቁሩም አቆጠቆጠ። ቢሻው ለመንቀልም ለመኮትኮትም ልብ አጥቶ ተዋቸው። ሦስት ክረምት አለፈና ሦስቱም አብረው አፈሩ።

አንዲት ወፍ መጥታ ጥቁሩን በላች። ቢሻው "አሁን ትወድቃለች" ብሎ ጠበቀ። በማግስቱ መጣች። በሦስተኛውም ቀን መጣች፤ ጭራሽ ጫጩቶቿን አስከትላ መጣች። ያኔ ቢሻው እጁን ሰደደ። ቤቴ ይፈርሳል ብሎ ምን ይፍራ? ቤቱ ፈርሷል። አንዲት ጥቁር በለስ ቀጥፎ አፉ ውስጥ አደረጋት።

ወተት የላትም። ጣፋጭ ናት።

"ያመኑት ፈረስ ጣለኝ በደንደስ" አለና መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ያለቀሰው በአጋፋሪ ተናድዶ አይደለም፤ ስለ መስኮቱ ነው።

ከዚያ መንደሩን ሁሉ ጠራ። ሦስት እንቅብ ሞልቶ አቀረበ። አጋፋሪ ዘለለው ከንፈሩን እየላሰ መጣ።

"ይቅመሱና ይፍረዱ፣ አጋፋሪ።"

ነጩን ቀመሰና "ይጎመዝዛል" አለ። ቀዩን ቀመሰና "ያቅለሸልሻል" አለ። ጥቁሩን ቀመሰና "ይገድላል፤ እኔው ገደል..." ሲል ቢሻው እጁን ያዘው።

"ገደሉ ዛሬ እኔ ነኝ" አለና ከሦስቱም አንዳንድ አንስቶ በሰው ፊት በላ። ሕዝቡ ጠበቀ። ቢሻው አልወደቀም። አንዲት ጎረቤት ተነሥታ ከጥቁሩ ቀመሰችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"አንጓችን ይህን ነው የከለከልናት?" አለች።

አጋፋሪን የመታው የለም። የሰደበውም የለም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ የበኩሩን የሚያስቀምሰው ጠፋ። በየደጁ ያልፋል፤ "ግባ" የሚለው የለም። እስኪሞት ድረስ አፉ ደረቅ ሆኖ ኖረ። ለቢሻው ግን ይህ ምን ይረባዋል? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ልማዱም ያን ዕለት ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የበኩሩን ፍሬ የሚቀምሰው የቤቱ በሽተኛ ነው። በሽተኛ ከሌለ ፍሬው ወደ አንጓች መቃብር ይወሰዳል፤ ወፎች ይበሉታል።

ልጆች፣ የገዛ ጓሮህን ፍሬ በሰው አፍ አትቅመስ ማለት ይህ ነው። እኔም ተረቴን ጣፋጭ ናት አልላችሁም፤ መራራ ናትም አልላችሁም። እናንተው ቅመሷት።