በሬውን የበሉት ጳጳስ

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። የሉጎ ወንዝ ድልድይ ሳያውቅ፣ ሰው ሁሉ ሱሪውን ሰብስቦ በሚሻገርበት ዘመን። እኔ አልተወለድኩም፤ አባቴም የወተት ጥርሱን አልነቀለም። እናንተማ የት ነበራችሁ? ስለዚህ አታቋርጡኝ፤ ስሙ።

ከሉጎ ማዶ ጮራ የሚባል መንደር ነበር። ሰዎቹ ሉተራውያን ነበሩ፤ የሣር ክዳን ጸሎት ቤት ነበራቸው። ከቄስ በላይ ግን አይተው አያውቁም። አንድ ዓመት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ "ጳጳሱ ሊመጡ ነው" የሚል ወሬ ደረሰ። ሂርጳ ይባላሉ። በየገጠሩ የተበተኑ ሰባ ማኅበረ ምእመናንን፣ አንዴ በበቅሎ አንዴ በእግር፣ እየዞሩ የሚጠብቁ ሰው ነበሩ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አለቃቸው ኦቦ ኢጃራ ክፉ አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። "ጳጳስ በዶሮ አይስተናገድም፤ በሬ ይታረድ" አለ። የማን በሬ? ሲባል ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። በመጨረሻ ገለኔን አሰቡ።

ገለኔ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያላት አንድ በሬ ነው፤ እሱን ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀች ታሳርሳለች። ሽማግሌዎቹ ግን "ወንድ በሌለበት ቤት በሬ ምን ይሠራል?" አሉ። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ሽማግሌ ብቻ ነው። እሷም ለእግዚአብሔር ሰው እምቢ ማለት አሳፈራትና "ውሰዱት" አለች። ቤቷ ገብታ አለቀሰች። የባሏ ወንድም መሬቱን ከተመኘ ቆይቷል። የዚያ አገር ደንብ ደግሞ አንድ ክረምት እንኳ ጦም ያደረ መሬት ለዘመድ ያልፋል ይል ነበር። አንዲት ላሟ የወለደችው ወንድ ጥጃ አለ፤ እሱም ለቀንበር እስኪደርስ ሦስት ክረምት ይፈልጋል።

ጳጳሱ መጡ። ሰበኩ፤ ሕፃናት አጠመቁ፤ የጌታን እራት ሰጡ። ከዚያ ስጋው ቀረበ። በሉ፤ አጣጥመው በሉ። ጳጳስ አይርበውም ያለው ማነው? አጥንቱን እየጋጡ "የማን ከብት ነው? ላመስግን" አሉ። ገለኔን ጠሩላቸው።

"ልጄ፣ ስንት በሬ ነበረሽ?"

"አንድ፣ አባታችን። ጥጃው ለቀንበር እስኪደርስ ሌላ የለኝም።"

ጳጳሱ አጥንቱን አስቀመጡ። ፊታቸው ተለወጠ። "ዶማ ስጡኝ" አሉ።

ኦቦ ኢጃራ ደነገጠ። "አባታችን፣ ጳጳስ አፈር አይቆፍርም።"

"ስጋ ይበላል?"

"ይበላል እንጂ።"

"እንግዲያው ይቆፍራል።"

ቆፈሩ። ከተማ ውስጥ ትልቅ ጉባኤ ይጠብቃቸው ነበር፤ ይጠብቅ አሉ። መጽሐፍ የለመደ እጅ ነውና በመጀመሪያው ቀን ውሃ ቋጠረ፣ በሁለተኛው ቀን ፈረጠ። ገለኔ እያየች መቆም አቃታት። "ይተዉት፣ አባታችን፤ እኔ አፈርኩ" አለች። "እኔስ? በልቼ ያፈርኩት እኔ ነኝ" አሏት። በዘጠነኛው ቀን ዘሩ ተዘራ። "ጥጃው እስኪደርስ በየክረምቱ እመጣለሁ" ብለዋት ሄዱ። አንድ ክረምት አለፈ።

ሁለተኛው ክረምት መጣ። ሉጎ ሞልቶ ነበር። የባሏ ወንድም "ዘንድሮስ አይመጡም" እያለ ድንበሩ ላይ ተቀምጧል። ወንዙ የጳጳሱን በቅሎ ከነጭነቷ ወሰዳት። እሳቸው ግን የዛፍ ሥር ጨብጠው ወጡ። ውሃው እየተንጠፈጠፈባቸው ማሳው ላይ ደረሱና "ዶማዬ የታለ?" አሉ። ቆፈሩ። ሁለት ክረምት አለፈ።

ሦስተኛው ክረምት መጣ። ጳጳሱ ወባ ይዟቸው ነበር። በዱላ ተደግፈው መጡ። ዶማውን አነሱ፤ አንዴ መቱ፤ ሁለቴ መቱ፤ በሦስተኛው ተንበረከኩ። ገለኔ ሮጣ ያዘቻቸው። መሬቱም ሄደ፣ ሰውየውም ሄዱ ብላ አሰበች።

ሁለት ክረምት ሙሉ እጁን አጣጥፎ ያየው ኦቦ ኢጃራ ያን ጊዜ ከሰው መሃል ወጣ። ዶማውን ከጳጳሱ እጅ ወስዶ መቆፈር ጀመረ። ሌላውም ዶማውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሮጠ። ዘጠኝ ቀን የሚፈጀው ማሳ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ጳጳሱ ጋቢ ተከናንበው ዳር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እንደ ልጅ አለቀሱ ይባላል። በዓመቱ ጥጃው በሬ ሆኖ ተጠመደ። መሬቱ የገለኔ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም የልጅ ልጆቿ ያርሱታል።

ጳጳሱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሲሞቱ ገለኔ ሁለት ቀን ተጉዛ ለቀብር ሄደች። ታላላቅ ሰዎች መስቀላቸውን ሲሳለሙ እሷ ቀኝ እጃቸውን ገልጣ መዳፋቸውን አየች። ዶማው ያደነደነው ቆዳ አልለሰለሰም ነበር። እሱን ሳመችና "ይኸው ማሳዬ" አለች።

ስለዚህ በጮራ አንድ ሰው ቄስ ሊሆን ሲል ዝም ብሎ እጅ አይጫንበትም። አስቀድሞ በሬ የሌለውን ሰው ማሳ ሲቆፍር ይውላል። ማታ ሽማግሌዎች መዳፉን ገልጠው ያያሉ። ውሃ ከቋጠረ፣ ያን ጊዜ ይጭኑበታል። ከሌላ አገር የመጣ አፈ ጮማ ሰባኪ ሲያጋጥማቸውም በትዕግስት እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከኋላ ተነስታ "ደግ ተናገርክ፣ ልጄ፤ እስቲ መዳፍህን" ትለዋለች።