ክንፏ ያጠረው የእሳት እራት

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የእሳት እራቶችን በየዓይነታቸው መመደብ ነበር» ብለው ጀመሩላት ጋሽ ደምለው። ይህን የነገሯት ድሮ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ገና ጡት ሳትጥል።

ይርገዱ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ያገባች ዝምተኛ ወጣት እናት ነበረች። ያን ሰሞን ትምህርት ላቋረጡ ሰዎች የማታ ክፍል ተከፍቶ፣ ምዝገባው የሚያበቃው በዚያው ቀን ነበር። ጎረቤቷ ግን «ጡት እያጠባሽ ደግሞ ከእነማን ጋር ልትቀመጪ ነው?» ብላ ስቃባታለች። ነገሩ ከነከናት። ልጇን አዝላ ጡረታ ወደ ወጡት የሳይንስ አስተማሪዋ፣ ወደ ጋሽ ደምለው ሄደችና ጠየቀች፦ «ጋሼ፣ እኔ አሁን ከተማሪ ወገን ነኝ ከእናት?» ከእናት ነሽ ካሏት ላትመዘገብ ቆርጣ ነበር።

የእሳት እራት የሚመድበው ሰውዬ ውሎው ተራራ ላይ ነው፣ አስታና ጅብራ በሚባሉት የውርጭ አገር ተክሎች መሀል። እዚያ ፀሐይ ሞቅ ሲል የሚበሩ የእሳት እራቶች አሉ። እየያዘ ያያል፤ ግራጫውን ከግራጫ፣ ነጠብጣቡን ከነጠብጣብ፣ የአስታውን ለብቻ፣ የሣሩን ለብቻ ያደርጋል። አንድ ቀን ከጓሳ ሣር ሥር አንዲት ነገር አገኘ። ወፍራም፣ ጠጉራም፤ ክንፏ ከጥፍር ቁራጭ አይበልጥም። ትድሃለች እንጂ አትበርም። አገላብጦ አያትና፣ ሳታድግ የቀረች በሽተኛ ናት ብሎ፣ የሚጣሉትን በሚያጠራቅምበት ክዳኑ ወንፊት በሆነ ሣጥን ውስጥ ከተታት።

ይርገዱ እዚህ ላይ ፈገግ አለች። «ታዲያ ጋሼ፣ መልሱ ከትል ወገን ነሽ ነው?»

«ቆይ እንጂ፣ አትቸኩይ» አሏት።

ሰውየው ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ግራጫዎቹ ሣጥኑን ከበውታል። ነፋሱ ይወስዳቸዋል፣ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ወንፊቱን ሙጭጭ ብለው ይዘው ለመግባት ይታገላሉ። ከሌላው ዓይነት አንድም አልመጣም። ቁጭ ብሎ አያቸው። የጠራቸው ሽታዋ ነው፤ እነሱ ወንዶቹ ናቸው፣ እሷ የገዛ ዘራቸው ሴት ናት። ስለ ክንፏ ያሰበው ያኔ ነው። በዚያ ጫፍ ነፋሱ ሰው ያንገዳግዳል፤ እንቁላል የተሸከመች ብትበር የምትገባው ገደል ነው። ዘሩን ያቆየችው ሣሯን ይዛ የቀረችው ናት። ክዳኑን ከፈተ፤ በመዳፉ አውጥቶ ካገኛት ሣር ሥር መለሳት። ከዚያ ወዲያ ዓይነቷን ከግራጫዎቹ ጋር አንድ ላይ መደበው።

ጋሽ ደምለው ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺም እንደዚያች ነሽ፣ ልጄ። ሰው የክንፍሽን ማጠር አይቶ መደበሽ፤ አንቺም አመንሽው። የምትኖሪበትን ነፋስ ማንም አልጠየቀም። ልጅ የታቀፈ ሰው እንደ ልጃገረድ እየበረረ አይማርም፤ እየዳኸ ይማራል። ወገኖችሽ እንደሆኑ አልሳቱሽም። ለማታው ክፍል የተመዘገቡት የድሮ ጓደኞችሽ ትናንት እዚህ መጥተው ‹እሷን ካላመጡልን› ብለው ሲነዘንዙኝ ዋሉ። እናትነት ያለሽበት ቦታ ነው፤ ወገንሽ ግን ተማሪ ነው።»

ይርገዱ ሕፃኗን አጥብቃ አዘለች። ጉልበታቸውን ስማ ወጣችና፣ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ በትምህርት ቤቱ በኩል ዞረች። መዝጋቢው በሩን ሊቆልፍ ነው። ስሟን ነገረችው፤ አልሰማትም። ሕፃኗ እንዳትነቃ ጀርባዋን መታ መታ አድርጋ፣ ስሟን ከነአባቷ ከፍ ባለ ድምፅ ደገመችለት።